ጥለቱ የተሸመነ ነው ወይስ የታተመ?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ስፔሻል ኤዲሽን ላፕቶፕ ይገዛል?» ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶውን ታሳዩኛላችሁ። አንዱ የመኪና ዓርማ አለው። ሌላው ክዳኑ ላይ የፊልም ሥዕል አለ። ሌላው ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። ዋጋው ግን ከተራው በብዙ ሺህ ብር ይበልጣል። ቆሜ በሁለት ቃል የምመልሰው ነገር ስላልሆነ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

እናቶቻችን የሐበሻ ቀሚስ ሲገዙ አይታችኋል? መጀመሪያ ጥለቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ጨርቁን ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። ጥለቱ ተሸምኖ ከሆነ ክሩ በጀርባም ይታያል። ታትሞ ከሆነ ወዲያው ያውቁታል። ለተሸመነው ዋጋ ቢጨምሩ አይቆጫቸውም፤ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ቀን የቆጠረበት ነው። ለታተመው ግን በተሸመነው ዋጋ አይከፍሉም። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ገልብጣችሁ እዩት።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 አፕል ማክቡክን ሲያወጣ ከነጮቹ ፈጣኑ 1,299 ዶላር፣ ጥቁሩ 1,499 ዶላር ነበር። የፕሮሰሰራቸው፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ ፍጥነት እኩል ነው። ልዩነቱ የጥቁሩ ሃርድ ዲስክ 80 ጊጋባይት፣ የነጩ 60 መሆኑ ነው። ነጩን ወደ 80 ለማሳደግ የሚጠየቀው ደግሞ 50 ዶላር ብቻ ነበር። አስሉት። 150 ዶላሩ የጥቁር ቀለም ዋጋ ነው። ይሄ የታተመ ጥለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን እዩ። ቲንክፓድ የሚባለው የላፕቶፕ ዓይነት 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ አምራቹ ሌኖቮ አንድ የመታሰቢያ ላፕቶፕ አወጣ። እንደ ልዩ ምልክት ያመጣው ሥዕል አይደለም። የድሮውን ባለ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ ነው የመለሰው። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ለሚውል ሰው ያ ኪቦርድ እጁ የሚያውቀው ነገር ነው። ሌላው የላፕቶፕ አምራች አሰርም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ፌራሪ 4000 ላይ የመኪናውን ዓርማ ለጥፎ ብቻ አልተወውም፤ ክዳኑን ከካርቦን ፋይበር ሠርቶታል። ቀላል ነው፣ ጠንካራም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው አልወቅስም። ተሸምኗልና።

እኔ ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ሁሉም እዚሁ አዳማ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ላፕቶፗ በጣም ያምራል። ክዳኑ ወርቃማ ነው፤ ጠርዙ ላይ የተቀረጸ ጌጥ አለው። አጎቷ ከውጭ የላከላት ነው። ስትከፍተው ቀጭ አለና የግራው ማጠፊያ ክዳኑን ይዞት ተነሳ። ብሎኑ የገባበት ፕላስቲክ ከሥሩ ተገንጥሏል። በዚህ ሥራ ውስጥ በብዛት ከምናያቸው ብልሽቶች አንዱ ይሄ ነው። ተራ ሞዴል ቢሆን ከተሰባበረ ላፕቶፕ ክዳን ፈልጌ በማግሥቱ እሰጣታለሁ። የእሷን ግን አዳማም አዲስ አበባም ደዋውዬ አጣሁት። ያ ቀለም በጥቂቱ የተሠራ ነው፤ መለዋወጫውም የለም።

«ጋሼ፣ በዚሁ ከለር አይገኝም?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያው ሞዴል የተራውን ግራጫ ክዳን ገጠምኩላት።

እግረ መንገዴን ላፕቶፑን የሚያቀዘቅዘውን ፋን ፈታሁት። የፋኑ መውጫ ላይ አቧራው ተደራርቦ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል። በመቆንጠጫ ስቤ ሳወጣው እንዳለ፣ ሳይበጠስ ነው የወጣው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ከከተማዋ ዳር የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋ ዋቱ፣ እዚህ የቆሙት ነፋስ ስላለ ነው። ያው ነፋስ አቧራውንም ይዞት ይመጣል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። አቧራ የደፈነው ላፕቶፕ ይግላል፤ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጅቷ «በጣም ይንቀራፈፋል» ስትል የነበረው ለዚህ ነው። ፋኑ ተጸድቶ ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ሲቀየር ተስተካከለ። የወርቃማው ክዳን ዋጋ ለዚህ ምንም አልረዳትም።

ስለዚህ ስፔሻል ኤዲሽን ስታዩ መጀመሪያ የምለምናችሁ ክዳኑን እንድትረሱት ነው። ራሙ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ስንት ነው? ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው ወይስ የሚጨመር? ይሄን በደንብ ጠይቁ። የተበየደ 4 ጊጋ ይዞ፣ መጨመሪያ ቦታ ሳይኖረው የመጣ ቆንጆ ላፕቶፕ ዕድሜውን ሙሉ 4 ጊጋ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ፣ አለው? ባትሪው መብራት ሲጠፋ አንድ አሳይንመንት ያስጨርሳል? የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን፣ ማለትም ትውልዱ፣ ስንተኛ ነው? ነገ ልትሸጡት ስትሉ ገዢው የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። የቀለሙን ዋጋ የሚመልስላችሁ ገዢ በዚህ ሁሉ ዓመት አላጋጠመኝም።

ሌላም ልንገራችሁ። አንዳንዶቹ ሲነኩ እንደ ጎማ የሚለሰልስ ቅብ አላቸው። ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል። ሙቀትና የእጅ ላብ ሲፈራረቅበት ግን ከዓመታት በኋላ ቅቡ ይቀልጥና እጅ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ የሆነበትን ላፕቶፕ በአልኮል ስፈገፍግ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። ቅቡ ሲነሳ ሥዕሉም አብሮ ይነሳል።

ቆንጆ ነገር አትውደዱ አላልኩም። ዕቃውን የወደደ ሰው በደንብ ይይዘዋል፤ ይሄንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ደመወዝ የምታገኙ፣ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ያሟላችሁ ከሆነ፣ በተረፈው ገንዘብ ያማራችሁን ግዙ። ደስታም ዋጋ አለው። እኔ የምጨነቀው በቤተሰብ ገንዘብ ለሚገዛው ነው። አባት ከደመወዙ ቆጥቦ፣ እናት ዕቁቧን አውጥታ በሰጠችው ብር። እዚያ ላይ ለቀለም የሚሄደው እያንዳንዱ ሺህ ከራሙ፣ ከኤስኤስዲው ወይም ከባትሪው ላይ የሚነሳ ነው። ለሥዕሉ ከሆነ፣ ተራውን ገዝታችሁ ክዳኑ ላይ የፈለጋችሁትን ስቲከር ማሠራት ትችላላችሁ። ሲሰለቻችሁ ትልጡታላችሁ።

ልጅቷ ባለፈው ወር ለጽዳት ተመልሳ መጥታ ነበር። ላፕቶፗ ክዳኑ ግራጫ፣ ታቹ ወርቃማ እንደሆነ አለ። ግራጫው ላይ አንዲት ትንሽ የአደይ አበባ ስቲከር ለጥፋበታለች። የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈችበት ነው። ፋኑን ጠርጌ ሰጠኋትና ባጃጅ ይዛ ሄደች።