ከበቅሎ እስከ ጭላዳ፦ አዲስ ዝርያ እንዴት ይፈጠራል?

ስለ ዝግመተ ለውጥ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ አንዱ ዝርያ እንዴት ሁለት ይሆናል? ጎንደር ተቀምጦ ይህን መጠየቅ መታደል ነው። በስተሰሜን ስሜን ተራሮች፣ በስተደቡብ ጣና፤ መልሱ በሁለቱም በኩል አለ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ከማራኪ፦ መምህር፣ ጭላዳ አንድ ቀን ሌላ እንስሳ ይወልዳል ማለት ነው?

አይወልድም። ጭላዳ የሚወልደው ጭላዳ ነው። የሚለወጠው አንዱ እንስሳ ሳይሆን መንጋው ነው፤ ያውም በብዙ ትውልድ። አንድ የነበረ መንጋ በገደል፣ በበረሃ ወይም በውሃ ለሁለት ሲከፈል መዋለዱ ይቋረጣል። በዚህኛው ወገን የመጣ የዘረመል ለውጥ ወደዚያኛው አይሻገርም። ልዩነቱ እየተጠራቀመ ሄዶ፣ ኋላ ቢገናኙ እንኳ አይፈላለጉም፤ ወይም ቢዋለዱ ልጁ ዘር አይተካም። ያኔ ሁለት ዝርያ ሆነዋል እንላለን። የሥነ ሕይወት ሊቁ ኤርነስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ያሰፈረው መለኪያ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከቅዳሜ ገበያ፦ ፈረስና አህያ ተዳቅለው በቅሎ ከወለዱ አንድ ዝርያ አይደሉም?

አይደሉም፤ ማስረጃዋም ራሷ በቅሎዋ ናት። ክሮሞዞም ማለት በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን የያዘ ክር ነው፤ ፈረስ 64 አለው፣ አህያ 62። በቅሎ ከእናቷ ከባዝራዋ 32፣ ከአባቷ ከአህያው 31 ወስዳ 63 ይኖራታል። ለሰውነቷ ይህ ምንም አይጎድላትም፤ እንዲያውም በጥንካሬዋ ከሁለቱም ትመረጣለች። ችግሩ የሚመጣው የዘር ሕዋስ ሲሠራ ነው። እዚያ ላይ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ አለባቸው፤ የእናትና የአባቷ ግን በቁጥርም በአደረጃጀትም አይገጥሙም። ስለዚህ በቅሎ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር፣ አትወልድም። «አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያልን እንተርትባታለን እንጂ፣ የሁለት ዝርያ ድንበር ምን እንደሚመስል እንደ እሷ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

ከደባርቅ፦ የስሜን ጭላዳና የመሐል አገሩ አንድ ናቸው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በስም አንድ ናቸው፤ ሣር ሲግጡም ሆነ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ስታይ አትለያቸውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። የመሐል አገር ጭላዳ እንደ ዝንጀሮ 42 ክሮሞዞም ሲኖረው፣ ከስሜን በኩል የተመረመሩት 44 አላቸው። አንዱ ክሮሞዞም መሐሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ 21 የነበረው ጥንድ 22 ሆኗል። ሁለቱ ቢዳቀሉ ልጁ 43 ይኖረዋል ማለት ነው፤ የበቅሎዋን ቁጥር አስታውስ። የጭላዳው ልዩነት የበቅሎን ያህል ስላልሰፋ ልጁ የግድ መሃን ይሆናል ማለት አይቻልም፤ የመውለድ አቅሙ ግን ሊቀንስ ይችላል። መንጋዎቹ ደግሞ በጥልቅ የወንዝ ሸለቆዎች ተለያይተው ይኖራሉ። ለእኔ ይህ ገና በመንገድ ላይ ያለ የዝርያ መለየት ነው። በስሜን ፓርክ ውስጥ በሳንቃበር በኩል ስታልፍ ቆም ብለህ እያቸው።

ከአዘዞ፦ ዋልያስ?

የቅርብ ዘመዱ በቀይ ባሕር ዙሪያና በዓረብ ምድር በረሃማ ተራሮች የሚኖረው የኑቢያ አይቤክስ ነው። ዋልያ በስሜን ገደል ላይ ተነጥሎ ቀረ፤ መሐል ያለውን ሞቃት ቆላ አይሻገረውም። ራሱን የቻለ ዝርያ ነው የሚሉ አሉ፣ የኑቢያው ንዑስ ዝርያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ።

ከአራዳ፦ መነጠሉ ከፈረሰስ?

ቀይ ቀበሮን ተመልከቺ። የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ስሜን ላይም ጥቂት አለ። ከውሻ ጋር ሲገናኝ ይዋለዳል፣ ልጆቹም ይወልዳሉ፤ ባሌ ውስጥ ይህ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። በሁለቱ መሐል የቆየው አጥር ቦታና ጠባይ እንጂ ክሮሞዞም አይደለም። ለዚህ ነው በደጋው ጫፍ የሚለቀቅ ውሻ የሚያሳስበኝ፤ በሽታ ማምጣቱ ሳያንስ ዘሩን ያደበዝዘዋል።

ከፒያሳ፦ የግድ ሺህ ዓመታት ይፈልጋል?

በእንስሳት አብዛኛውን ጊዜ አዎ። በዕፅዋት ግን በአንድ ትውልድ የሚሆን አለ፤ የምትጠጪው ቡና እንደዚያ የመጣ ነው። አረቢካ የሮቡስታና ኢዩጄኒዮይደስ የተባለ የሌላ ቡና ዝርያ ዲቃላ ነው። ሁለቱም 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ አረቢካ የሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይዞ 44 ሆነ። ወደ ወላጆቹ ቢመለስ 33 ይወጣል፤ ያ ደግሞ ጥንድ አይሆንም። ራሱን በራሱ ማዳቀል መቻሉ ብቻውን እንዲዘልቅ ረዳው።

ስም ያልተጻፈበት፦ ከእምነት ጋር አይጋጭም?

እኔ እሁድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሳለሁ፣ ሰኞ ይህንኑ አስተምራለሁ። አንዱ ሌላውን እንድተው አስገድዶኝ አያውቅም።

ከጎርጎራ፦ እኛ ዓሣ አጥማጆች ነን። ነጭ ዓሣ የምንለው ሁሉ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

ብዙ ነው፤ እናንተም በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ሁሉንም በአንድ ዝርያ ጠቅልለውት ነበር። በኋላ አፉን፣ ጭንቅላቱንና የሚበላውን ለይተው ሲያጠኑ 15 የላቢዮባርበስ (የነጭ ዓሣ ወገን ሳይንሳዊ ስም ነው) ዝርያ ጣና ላይ ቆጠሩ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው፤ በአፉ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ቤተሰብ ይህ ብርቅ ነው። አንዱ ሰፊ አፉን ከፍቶ ይውጣል፣ ሌላው ከጭቃ ይለቅማል። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው ዓሣ 40 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ፏፏቴ መውጣት ስለማይችል ሐይቁ ለብቻው ቀረ። በዚያ ላይ ጣና ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደገና የሞላ ሐይቅ ስለሆነ፣ ዝርያዎቹ የተለያዩት በአጭር ጊዜ ይመስላል።

በአንድ ውሃ እየኖሩ ለምን አይቀላቀሉም ለምትሉት፣ ዋናው ነገር የሚራቡበት ቦታና ጊዜ ነው። ገሚሶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወጥተው ጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ እንደማይወጡ ይታመናል። ወንዝ የሚወጡትም ሁሉም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ገባር አይወጡም። የዝርያዎቹ አጥር ይህ ነው፤ ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ተጠራቅሞ ሲጠብቅ ሁሉም በአንድ መረብ ይገባል። ስለዚህ ልለምናችሁ፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ከመገጭና ከድርማ አፍ መረባችሁን አንሱ፣ ወደ ሐይቁ ፈቀቅ ብላችሁ ቀረሶና አምባዛ አጥምዱ።