መልስ፦ ጠቅልዬ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ «ከአሜሪካ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ብገባ ኑሮውን እለምደው ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም የምኖረው ጀርመን ነው፤ እናቴ አዲስ አበባ ስላለች ግን እመላለሳለሁ።

ከተማው ተለውጧል። በ2016 የኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ ፒያሳን በድሮ ምልክት ልፈልግ ብትል ትጠፋለህ። ሂሳብ በቴሌብር ነው፤ ጉሊት የምትሸጠዋ እናት ሳትቀር ስልኳን ታወጣለች። ይሄ አይከብድህም።

የሚከብደው የኑሮ ውድነቱ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 አለፈ። አንተ በዶላር ስለምታስብ ሁሉም ርካሽ ይመስልሃል። መምህሩ ጓደኛህ ግን ደመወዙ ለወር አይደርስለትም፤ ከሱቅ በዱቤ ነው የሚወስደው። እባክህ እሱ ፊት «ይሄማ ምን አላት» አትበል። በጣም ያማል። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ላይ የማልወደው ጠባይ ይህ ነው።

ማኅበራዊ ኑሮው ግን አሁንም አለ። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ኮንዶሚኒየም እንኳ ቢሆን ሐዘንተኛው ግቢ ወርዶ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጣል። አንተም ሄደህ ካልተቀመጥክ፣ የፈለግከውን ያህል ብር ብትሰጥ አይቆጠርልህም።

ስለዚህ ቤት ከመግዛትህ በፊት ጥቂት ወራት ተከራይተህ ኑር። በክረምት ቢሆን ይመረጣል። ታክሲ ተሰለፍ፣ መብራትና ውኃ ሲጠፋ እየው። እድር መመዝገቡን ግን አታቆየው።