ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፦ ስለ ጉርምስና ማቆያና ስለ ቁመት

ውጭ አገር የሚኖሩ፣ ልጃቸው «ትራንስጀንደር ነኝ» (ፆታዬ ስወለድ የተባልኩት አይደለም) ያላቸው ወላጆቻችን የሚያደርጉትን ሳይ ይቆጨኛል። ስለ ጉርምስና ማቆያው፣ ማለትም ጉርምስናን ለጊዜው ስለሚያቆመው መርፌ፣ ሐኪሙን ትተው በቴሌግራም የሚዞር ድምፅ ይሰማሉ። አንዱ «መርፌው ድንክ ያደርጋል» ይላል። ሌላው «ቁመቱን እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

1. ወረቀት። ይህን ሕክምና ለልጆች የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ሕግ ከአገር አገር፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ያላችሁበትን አጣሩ። አለቀ።

2. ቁመት። ማቆያው በጉርምስና የሚመጣውን የቁመት ዝላይ ያዘገያል። እኩዮቹ ሲመዘዙ ልጃችሁ ወደ ኋላ ሲቀር ብታዩ አትደንግጡ። የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ሳይዘጋ ስለሚቆይ የሚያድግበትም ጊዜ ይረዝማል። ያንን ጫፍ በሴትም በወንድም የሚዘጋው ኢስትሮጅን የሚባለው «የሴት» ሆርሞን ነው። ከማቆያው በኋላ ቴስቶስትሮን («የወንድ» ሆርሞን) የሚወስድ ልጅም ሰውነቱ ከፊሉን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጠዋል። በ1994 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ፦ ሰውነቱ ኢስትሮጅንን የማይቀበል የ28 ዓመት ወንድ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ጫፉ ገና አልተዘጋም ነበር።

ይህ ሕክምና ቀድሞ ከተሰጠባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በአምስተርዳም (ኔዘርላንድስ) ልጆቹ አዋቂ ሲሆኑ ተለክተዋል። ቁመታቸው መጀመሪያ ከተገመተላቸው ብዙም አልራቀም። ትራንስ ሴቶቹ (ሲወለዱ ወንድ የተባሉት) ከአማካይ ሴት ይረዝማሉ፤ ትራንስ ወንዶቹ (ሲወለዱ ሴት የተባሉት) ከአማካይ ወንድ ያጥራሉ። ከፍ ያለ የኢስትሮጅን መጠን ቁመትን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊቀንስ ይችላል፤ ተአምር ግን አይሠራም። ዘግይቶ የጀመረማ ቁመቱን አብዛኛውን ጨርሷል። ሐኪሙ የግራ እጅ ራጅ አንስቶ የአጥንቱን ዕድሜ ያያል፤ ግምቱን እሱን ጠይቁት።

3. አጥንት። ሁሉም ስለ ቁመት ሲጨነቅ ይህን የሚጠይቅ የለም! ጉርምስና አጥንት የሚጠነክርበት ዘመን ነው። ማቆያው ላይ ሳሉ የአጥንታቸው ጥግግት ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ይቀራል። ኢስትሮጅን ወይም ቴስቶስትሮን ሲጀምሩ ይሻሻላል፤ በትራንስ ሴቶች የጀርባ አጥንት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለ አጥንት ምርመራ፣ ስለ ቫይታሚን ዲ፣ ስለ ካልሲየም ጠይቁ።

4. አስተርጓሚ። ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የገዛ ሕክምናውን ለወላጁ ያስተረጉማል! ልጁ መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ስለ አጥንቱ የተባለውን ቢያሳጥረው ትፈርዱበታላችሁ? ወይም ፈርቶ ሐኪሙ ያላለውን ይጨምራል። እናት እንደገባት ሰው ራሷን ትነቀንቃለች፣ አባት ይፈርማል። ቤት ሲገቡ «ምን ነበር ያለው?» ይባባላሉ። በኋላ ጥፋቱ በልጁ ይላከካል። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም፤ ማፈርም አያስፈልግም። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ ብዙ ሆስፒታሎች በስልክም ቢሆን በነጻ ያቀርባሉ። ዘመድም አታምጡ፤ ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ከተማውን ይዞራል። ሁለታችሁም ግቡ፣ ጥያቄያችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ያዙ፣ ያልገባችሁን አትፈርሙ። ልጁም ለብቻው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ያኔ ውጭ ጠብቁ።