ጃክ የሚባል ሰው አላውቅም

ልጆቼ፣

ወልድያ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጎማው የተነፈሰበት አንድ መኪና ቆሞ ነበር። ወደ ላሊበላ የሚሄድ የውጭ አገር ሰው ወርዶ ግራ ቀኙን ያያል። እኔ ያኔ መዝገበ ቃላት ከፊደል «ኤ» ጀምሬ በኩራዝ ብርሃን የምሸመድድ፣ በሰፈሩ «እንግሊዝኛ አዋቂ» የተባልሁ ጎረምሳ ነኝ። ሰው ሁሉ እየገፋ ፊቱ አቆመኝ። እንግዳው «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ጃክ?» አለኝ። እኔም ኮስተር ብዬ ጃክ የሚባል ሰው በከተማችን እንደማላውቅ ነገርሁት። ይህን ሲያይ የነበረ አንድ ጎሚስታ፣ ቃል ሳይተነፍስ ክሪክ ይዞ መጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ። ለነገሩ መዝገበ ቃላቱን ገና «ጄ» ላይ አልደረስሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ደሴና ዙሪያዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁንም ቤቴ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «መምህር፣ በቀን ስንት ሰዓት ላጥና?» ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩም ሰምታችኋል። አብሽሩ። ግን ጥያቄው ሰዓቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ባሪ ዚመርማንና ማኑኤል ማርቲኔዝ ፖንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 80 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አነጋገሩ። ግማሾቹ በትምህርታቸው ከላይኛው ምድብ፣ ግማሾቹ ከሌላው ነበሩ። የቤት ሥራ ሲከብድህ ምን ታደርጋለህ? ፈተና ሲደርስስ? እያሉ ጠየቁ፤ መልሱን 14 ዓይነት የአጠናን ዘዴ ይዘው መዘኑት። ዕቅድ ማውጣት፣ የሠሩትን መመዝገብ፣ ሰው መጠየቅ፣ ራስን መገምገም ከነዚያ ውስጥ ናቸው። መልሱን ብቻ አይተው 93 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ከየትኛው ምድብ እንደሆኑ በትክክል መለየት ቻሉ። ዚመርማን ኋላ ላይ ነገሩን በሦስት ዙር አስቀመጠው፦ ከሥራው በፊት ማሰብ፣ በሥራው ላይ ራስን መከታተል፣ ከሥራው በኋላ ራስን መመርመር። ራስን እየመሩ መማር የሚሉት ይህንን ነው።

በቋንቋ ትምህርት ላይ ይህንን የሚለኩ ረጃጅም መጠይቆች ኋላ በዝተዋል። እኔ በነሱ ብዙም አልመካም። ራሴ እንዲህ ያለ ወረቀት በትኜ ሰብስቤያለሁ፤ «ዕቅድ አወጣለሁ» በሚለው ላይ «ሁልጊዜ» ብሎ ያከበበው ልጅ ለመሙያው እስክሪብቶ የተዋሰው ከጎረቤቱ ነበር። ደግሞም ጎበዝ ስለሆነ ያቅዳል ወይስ ስላቀደ ጎበዘ የሚለውን መጠይቅ ብቻውን አይፈታውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ልባችሁን እፈልጋለሁ፤ የእኛ ልጆች የሚወድቁት እዚያ ነው።

ለምን ቢባል፣ ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ እየደጋገመ አነበበ። ሌላው በአንዱ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61። የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። በደንብ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት እነዚያው አንባቢዎቹ መሆናቸው ነው። እኔም በኩራዙ ሥር እንደዚያው ነበርሁ፤ ገጹን ሳየው ሁሉም የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ሊሆን አይገባም። ዋድላ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ምሳሌውን ሰምቶ ዝም ብሎ አይደግመውም፤ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያወጣል። ቃሉ አልገጥም ሲለው ያፈርሰዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ያቀናለታል። መጀመሪያ ራሱ ዳኛ ሆኗል፣ ቀጥሎ ዳኛ ፊት ቆሟል። ደረሳውም ቢሆን ሸይኹ ፊት ከመቀመጡ በፊት ብቻውን ብዙ ያጉረመርማል። ብቻ መሆንና ሰው መጠየቅ የሚጣሉ እየመሰላችሁ ባትፈሩ ደስ ይለኛል።

የእኔንም ጥፋት ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዷን ስሕተት አርሜ እመልስ ነበር። ልጆቹ ውጤታቸውን አይተው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ያቺው ስሕተት በወሩ ትመለሳለች። ጡረታዬ ሲቃረብ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ብቻ በእርሳስ እያመለከትሁ፣ ውጤት ሳልጽፍ መመለስ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጩኸት ነበር፤ አንድ ወላጅም ሊከሰኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቷል። ቀስ በቀስ ግን ልጆቹ ያቺን መስመር ለምን እንደተሰመረች እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። ቀድሜ አለማድረጌ አሁንም ይቆጨኛል።

እናንተ ደብተር ግዙ። ምዕራፉን አንብባችሁ ዝጉትና የቀራችሁን በራሳችሁ እንግሊዝኛ ጻፉ፤ ከዚያ ከፍታችሁ ያመለጣችሁን ብቻ በጎን አስፍሩ። በሦስተኛው ቀን ያችን ጎን ብቻ ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፤ የባቲን የሰኞ ገበያ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ አውሩና ስሙት። መጀመሪያ ታፍራላችሁ፤ እኔም አፍሬያለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ ደብተር ይዛ መጣች። ስንት ሰዓት ላጥና አላለችኝም። «ዊል» እና «ጎይንግ ቱ» የሚለዩበትን ጠየቀችኝ፤ ለዓመታት ያስተማርሁትን ደንብ ነገርኋት። ደብተሯን ገልጣ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከደንቤ ጋር የማይስማሙ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አሳየችኝ። መነጽሬን ፍለጋ ተነሣሁ።