የሹፌርና የስምሪት ሠራተኛ ልጅ የት ይዋል? ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ የጭነት ድርጅት ዘጠኝ ዓመት ስምሪት ላይ ሠርቻለሁ። አሁን የሕፃናት ማቆያ አለኝ። ሠራተኞቻችሁን በልጅ ጉዳይ ማገዝ የምትፈልጉ ጥቂት መኪና ያላችሁ ባለንብረቶች፣ እናንተም ሠራተኞች፣ ጠይቁኝ። የግብሩን ነገር ግን ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ተዉለት።

ባለ አምስት ሲኖትራክ፦ እትዬ፣ ግቢዬ ውስጥ ከጋራዡ አጠገብ ባዶ ክፍል አለኝ። ቀለም ቀብቼ፣ ምንጣፍ አንጥፌ ማቆያ ላድርገው?

መልስ፦ እንዳታደርገው! መኪና ወደኋላ በሚሄድበት ግቢ ልጅ አይውልም። ሹፌሩ ከኋላው የቆመ ልጅ በመስታወት አይታየውም። ረዳቱም «ና፣ ና፣ ና» ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። አጥራለሁ ትለኝ ይሆናል፤ በሩን ከፍቶ የሚሄድ ሰው ግን አይጠፋም። ክፍሉን አከራየውና በኪራዩ ለልጆቹ ክፈል።

ስምሪት ላይ ያለሁ፦ ልጄ ሰባት ወሯ ነው። የምትይዝልኝ ሞግዚት በበዓል ቀን ትቀርብኛለች። አሠሪዬን ምን ብዬ ልጠይቀው?

መልስ፦ ይኼ የኔ ታሪክ ነው። አንድ ምሽት ሁለት መኪና ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመውብኛል፤ አንዱ ጎማው ፈንድቶ፣ ሌላው ከጫኝ ጋር ተጣልቶ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል አጣብቄ እጮሃለሁ፣ ልጄ ጭኔ ላይ ጸጥ ብላለች። ጸጥ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳይ የድርጅቱን ማኅተም የነዳጅ ኩፖኑ ላይ አምስት ቦታ፣ የራሷ ግንባር ላይ አንድ ቦታ መትታለች። ባለንብረቱ ስቆ ስቆ ሄደ። በማግሥቱ «ልጅ ይዞ ወደ ቢሮ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቢሮው ውስጥ ልጅ ያላት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለዚህ ክፍል አትጠይቂው፣ ሰዓት ጠይቂው። እኔ የማውቃቸው ማቆያዎች 11 ሰዓት ላይ በር ይዘጋሉ። መኪና በ11 ሰዓት ልግባ ብሎ አይገባም። ከማቆያዋ ወይም ከጎረቤት ሴት ጋር ከማለዳ 12 እስከ ምሽት 2 ሰዓት ተነጋገሪ፤ መደበኛውን አንቺ፣ ከ11 በኋላ ያለውን ድርጅቱ ይክፈል። ይኼን በወረቀት አስፈርሚው። ለማርያምና ለሚካኤል ደግሞ ሁለተኛ ሴት ከአሁኑ አዘጋጂ፤ የመጀመሪያዋን ቤተ ክርስቲያን ሄደች ብለሽ አትቆጫት፣ መብቷ ነው።

አዲስ አባል፦ ስለ ሕፃናት ማቆያ አጠቃላይ ማብራሪያ ቢሰጡን።

መልስ፦ ስንት ልጅ? ዕድሜያቸው ስንት? ሥራው ከስንት እስከ ስንት? እሱን ጽፈህ ተመለስ።

ባለ ሁለት አይሱዙ፦ ሕጉ ያስገድደኛል ወይ?

መልስ፦ ማቆያ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የግል አሠሪን ማቆያ ክፈት አይለውም። ግን ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን፣ ሁሉም ከነደመወዙ ትሰጣለህ። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። ስምሪት ላይ የምታድር ነፍሰ ጡር ካለችህ መጀመሪያ እሷ ሌሊቱን ቤቷ ትደር።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ ሦስት ቀን ምን ሊበጅ? ልጄ ስትወለድ ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፌ ነበር። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳም ሚሌ ነበርኩ።

አንጋፋ ባለንብረት፦ በኛ ጊዜ ማቆያ የሚባል ነገር የት ነበር? አያት ነው ያሳደገን።

የሹፌር ሚስት፦ አባባ፣ አያትየዋ መንዝ ናት፣ እኛ ደብረ ብርሃን ተከራይተን ነው ያለነው። ወፍጮዋን፣ ከብቷን ለማን ትታ ትምጣ?

ረዳት ነኝ፦ ሹፌሩ ከደብረ ሲና ደውሎ «ደረስኩ» ካለ እኮ በሰዓት ተኩል ውስጥ ቤቱ ነው፤ ልጁን ራሱ ያንሳ።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ በባዶ መኪና ይሆናል! ተጭነህ፣ የጣርማ በርን ዳገት ጭጋግ ውጦት፣ ዋሻው አፍ ላይ አንድ ተሳቢ ቆሞብህ ሞክረው እስቲ። ሦስት ሰዓትም አይበቃህ።

ረዳት ነኝ፦ አንተ ስለምታዘግም ነው።

መልስ፦ የዳገቱን ክርክር ውጭ ጨርሱት። ግን ልብ በሉ፣ ሁለታችሁም መስመሩን የምታውቁ ሰዎች መግቢያ ሰዓቱ ላይ መስማማት አቅቷችኋል፤ ማቆያዋ በምን አውቃ ትጠብቅ? ለዚህ ነው ሰዓቱን ግዙ የምለው። ለክርስትናው ደግሞ፣ ወንድሜ፣ የልጅህን ቀን ገና እንደተወለደች ለስምሪት አስመዝግብ፤ ቀኑ ከዓመት ፈቃድህ ይታሰብ፣ ያን ሳምንት ደግሞ አጭር መስመር፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ ይስጡህ። እኔ ሰሌዳው ላይ በቀይ እጽፈው ነበር። አንድም ጭነት አልተጓደለም።

ለአባባም፦ አያት መኖሯ መልካም ነው፤ ካለች ለእርሷም ይከፈላት። በነፃ ስለሆነ ነው ሁሉም የሚያሞግሳት።

ባለ ሦስት ተሳቢ፦ ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ እንደ ልጁ ዕድሜና እንደ ሰዓቱ። የተሳቢ ጎማ ለመግዛት ሳታቅማማ፣ ለዚህ ግን ስንት ነው ትላለህ። ብቻህን ካልቻልክ ከማኅበርህ አራት አምስት ባለንብረት ሆናችሁ ከአንድ ማቆያ ጋር ተዋዋሉ።

የሚያጠባ እናት፦ 90 ቀኔ ሊያልቅ ነው፣ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጡቱን እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይመከራል፣ ፈቃዱ በሦስት ያልቃል። ሦስቱን ወር የሚሞላው አሠሪው ነው። የሚቆለፍ ክፍል፣ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያስፈልግሻል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አትለቢ፤ የቆመ መኪና ጋቢና ውስጥም፣ አንዷ ይህን ስታደርግ አግኝቻት አልቅሻለሁ። የታለበው በንጹሕ በሚከደን ዕቃ፣ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ 4 ሰዓቱን እርሱት፤ ቆላ ነው፣ በበረዶ ያዙት። ደብረ ብርሃንም ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ልጁ ከጠጣው የተረፈውን ድፉት።

ብርድ ካልኩ አይቀር፦ ሕፃን ያለበት ክፍል ከሰል አይገባም። በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል፤ ጢሱ ባይታይም። ወፍራም ልብስና የመንዝ ባና ይበቃል።

ሒሳብ የያዝኩ፦ በጥሬ ገንዘብ አበል ብንሰጥስ?

መልስ፦ ገንዘቡ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል። መሠረታዊ ደመወዙ ላይ ከጨመርከው ደግሞ ጡረታ አለበት፣ 11 በመቶ ካንተ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ቺካጎ ያለሁ ሹፌር፦ እዚህ በአሠሪ በኩል ለልጅ ጥበቃ የሚቀመጥ ከግብር ነፃ ገንዘብ አለ፤ 5,000 ዶላር ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ 7,500 ሆኗል። እዚያ ለምን አትጠይቁም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥህ። እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ የት ይዋሉ?

ባለ አራት ገልባጭ፦ ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ባለ ሁለት አይሱዙ፦ የሹፌሩ ሚስት የኔ ሠራተኛ አይደለችም። ለምን እከፍላለሁ?

መልስ፦ ሹፌርህ ጅቡቲ ሲሄድ ልጁን ብቻዋን የምትይዘው እሷ ናት። ልጁ አተኩሶት ሌሊት ስትደውልለት መሪ የያዘው እሱ ነው፤ መኪናው ደግሞ ያንተ። ለሷ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አንድ ባለ ባጃጅ ስልክ ቁጥርና ሒሳቡን አዘጋጅላት። ትንሽ ወጪ ነው፤ ሹፌሩ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም።

አዲስ አባል፦ እሺ፣ ሦስት ልጆች ናቸው፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት፤ ከማለዳ 12 እስከ ምሽት 1 ሰዓት። የጥበቃ ክፍላችን ሰፊ ነው፣ ብርዱን በከሰል...

መልስ፦ ከሰል አይገባም አልኩ! የጥበቃው ክፍልስ የመኪና መግቢያ በር ላይ አይደል? እሱም አይሆንም። ለሦስት ልጅ ከግቢው ውጭ አንዲት ሴት በቤቷ ትያዛቸው፣ የምትተካት ሌላ ሴትም ትኑር። ማን እንደሚወስዳቸው በስም ጻፉላት፤ «የድርጅቱ ሰው ነኝ» ላለ ረዳት ሁሉ ልጅ አይሰጥም።