ልጄ ይወዳደራል፤ እኔ ለምን ልቆፍር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ዘንድሮ የተራራ ብስክሌት ቡድን ገባ። እግር ኳስ ይሻላል ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሠልጣኙ ለወላጆች መልእክት ላከ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከልጆቻችን ጋር ሄደን የጫካውን መንገድ እንድንጠግን ይለናል። እኔ አርብ ሌሊት ሥራ አድሬ ነው የምወጣው። ደግሞስ ግብር እየከፈልን ፓርኩን እኛው የምንጠግነው ለምንድን ነው? ቀኑም የሚካኤል ነው፤ መሬት መቆፈር ቅር ይለኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብሄድስ ምን ልያዝ?
ሐ.፣ ከስፕሪንግፊልድ

መልስ፦ እህቴ፣ ይሂዱ። ግን መጀመሪያ ይተኙ። ሥራው ብዙ ጊዜ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ 4 ሰዓት ላይ ቢደርሱ ማንም አይቀየምዎትም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለት አጠገብ ባይቆም ይሻላል።

እኔ እዚህ ሥራ ላይ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። የጀመርኩት በልጄ ምክንያት ነው። እሷ አሁን ብስክሌቱን ትታ ኮሌጅ ገብታለች። እኔ ግን በዚያው ቀጠልኩ።

የግብሩን ነገር እኔም ጠይቄ ነበር። የካውንቲው ሠራተኞች ሣሩን ያጭዳሉ፣ ቆሻሻውን ያነሳሉ። ጫካ ውስጥ የሚጠማዘዘውን፣ አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፈውን ቀጭን መንገድ ግን በአብዛኛው የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእኛ አካባቢ በዚህ ሥራ የታወቀው ሞር የሚባለው የብስክሌተኞች ማኅበር ነው፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አናንዴል፣ ዌክፊልድ ፓርክ፣ ከ495 አውራ ጎዳና ጥግ፣ የመኪናው ጩኸት እየተሰማ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው አፈር ሲጭሩ የሚያዩዋቸው ሰዎች የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አገር ቤት ደቦና ወንፈል እንደሚለያዩ ያውቃሉ። በደቦ ባለ ማሳው ጠላውን ጠምቆ ይጠራል፣ ጎረቤት መጥቶ ያግዘዋል። ወንፈል ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ይህን የቅዳሜ ሥራ እንደ ደቦ ያዩትና «የማን ማሳ ነው?» ይላሉ። እኔ ወንፈል ነው የምለው። ልጅዎ እስከ ዛሬ የተለማመደበትን መንገድ የማያውቁት ሰው ጠርጎለታል፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ለነገሩ የትምህርት ቤት ልጆችን የተራራ ብስክሌት ውድድር በአገር ደረጃ የሚመራው ናሽናል ኢንተርስኮላስቲክ ሳይክሊንግ አሶሲዬሽን ልጆቹ ራሳቸው መንገድ እንዲጠግኑ የሚያበረታታ ፕሮግራም አለው። በእነሱ ውድድር ተጠባባቂ ወንበር የሚባል የለም፤ የገባ ልጅ ሁሉ ይጋልባል። ከእግር ኳሱ ይልቅ ይህን የወደድኩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው መንገዱን የሚያበላሸው ጎማ ይመስለዋል። ዋናው ውኃ ነው።

ጎማና እግር በተመላለሰ ቁጥር የመንገዱ መሐል እየተረገጠ ዝቅ ይላል። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ላይ ደግሞ አፈርና ቅጠል ይጠራቀምና እንደ ከንፈር ከፍ ይላል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው በጎን ወጥቶ መውረድ ሲገባው ይሄ ከንፈር ይይዘዋል። ወይ እዚያው ይተኛል፣ ወይ መንገዱን ይዞ አፈሩን እየላሰ ይወርዳል። ከተኛ ጭቃ ነው። አንዱ ጭቃውን ሸሽቶ በጎን ያልፋል፤ የሚቀጥለው ደግሞ ከእሱም በጎን። አንድ ክንድ የነበረው መንገድ ሦስት ክንድ ይሆናል። ሣሩም ችግኙም በዚያው ያልቃል።

አባቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገበሬ ነበር። ዘርቶ ሲጨርስ ማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል፤ ጎርፉ ዘሩን ሳያጥበው በጎን እንዲወጣ። እዚህ የምንሠራውም ከእሱ ብዙም አይርቅም። ውኃው የተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይቆማሉ። በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ከንፈር ይቆርጡታል። ከዚያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ፣ ወደ ሦስት ሜትር ስፋት፣ ከመንገዱ መሐል ጀምረው ወደ ውጭ ያዘነብሉታል። የቆረጡትን አፈር ጠርዙ ላይ አይተዉት፤ ቁልቁል ራቅ አድርገው ይበትኑት። እዚያው ከተዉት አዲስ ከንፈር ሠሩለት ማለት ነው። ጠባብ ቦይም አይቆፈር። ቶሎ በቅጠል ይደፈናል፤ የፊት ጎማም ሊይዝ ይችላል። ሰፊና ለጥ ያለ ይሁን።

መጀመሪያ ቅዳሜ ስሄድ ይህን አላውቅም ነበር። ጭቃ አየሁና ደረቅ ቅጠል እየታቀፍኩ ሞላሁበት። የቡድን መሪያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ቅጠሉን በሙሉ ጎትተው አወጡት። ከሥሩ ያለው ቀይ አፈር እንደ ሊጥ ሆኗል። «ቅጠሉ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል» አሉኝ። ከዚያ ከንፈሩን ሦስቴ ቆረጥ ቆረጥ አደረጉት። ውኃው ትንሽ አመነታ። ቀጥሎ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ ሁሉም ቁልቁል ሄደ። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። አባቴን አስታወሰኝ።

ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትልቅ ቁፋሮ አይሠራም፤ አሠልጣኙም ያን አይጠብቅብዎትም። አዲስ የተቆፈረ አፈር ሳይጠቀጠቅና ሳይረጋ ብዙ ጎማ ካለፈበት ይፈርሳል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሥራ መጥረግ፣ መቁረጥና ውኃ ማስወጣት ነው። አሁን መኸር ስለሆነ ቅጠሉ ሥርና ድንጋይ ይሸፍናል፤ ልጆቹን የሚጥላቸው ይሄ ነው። ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ደግሞ ጫፉን ብቻ ቀንጥበው አይሂዱ። እንደ ጦር የሾለ ጉቶ ይቀራል፣ የወደቀ ልጅ ይወጋበታል። ከግንዱ አጠገብ ድረስ ይቆረጥ። ትንሽ ችግኝ ከሆነ ከመሬት እኩል።

የሚካኤሉን ነገር እረዳዎታለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። ለቡድን መሪው «ዛሬ መሬት አልቆፍርም» ይበሉት፣ ሌላ ሥራ ይሰጥዎታል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ማንሳት አለ፣ ስም መመዝገብ አለ፣ ውኃና ምግብ ማደል አለ። እሱም ቅር ካለዎት ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እዚህ ላይ ቃል መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም።

ዶማ ይዘው አይሂዱ፤ መሣሪያው እዚያ አለ። ማክላውድ የሚሉትን ይሰጡዎት ይሆናል፦ በአንድ በኩል ወፍራም ጥርስ ያለው መጥረጊያ፣ በሌላው በኩል ሰፊ ስለት። እኛ ዶማ ትከሻ ላይ መሸከም ነው የለመድነው። እዚያ አይፈቀድም፤ በጎን ዝቅ አድርገው በእጅዎ ይያዙት፣ ከሚቀጥለው ሰውም ሦስት ሜትር ያህል ይራቁ። የልጅዎን ፎርም ፈርመው ይሂዱ፤ ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ ይጠየቃል። ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ውኃ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ይክተቱት። የአጋዘን መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ቤት ስትገቡ ብብትን፣ ከጉልበት ኋላ፣ የፀጉር ሥርን በደንብ እዩ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግም አለ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ከነካዎት ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።

አንድ ልመና አለኝ። ከልጅዎ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይሥሩ። በውድድሩ ቀን ደግሞ እዚያው ቦታ ሄደው ይቁሙ፤ ሲያልፍ ያዩታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነን፣ ጓደኛሞች እንጦጦ ላይ ብስክሌት እንነዳለን። ከክረምት በኋላ የምንወርድበት የእግር መንገድ ቦረቦር ሆኖ ይጠብቀናል። ጥቅምት ላይ በመካከላችን ትንሽ ውድድር አስበናል። ድንጋይ ሞልተን ብናስተካክለውስ?
ቢ.፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድንጋዩን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ጠይቁ። ለበጎም ቢሆን ያለ ፈቃድ የተቆፈረ መንገድ በኋላ ለሁሉም ብስክሌተኛ ይተርፋል።

ቦረቦሩ የተፈጠረው መንገዱ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ መንገድ ራሱ ቦይ ነው። እዚህ የምንከተለው ደንብ፣ የመንገዱ ተዳፋት ከተራራው ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ ከተፈቀደላችሁ ገደሉን አግድም የሚያቋርጥ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ መስመር ምረጡ፣ አሮጌውንም በቅርንጫፍ ዝጉት። አቋራጩ ክፍት ሆኖ ከታየ ሰው በእሱ መሄዱን አይተውም። የግድ አሮጌውን ከሆነ የምትጠግኑት፣ ከታች አትጀምሩ። ውኃው ገና ጉልበት ሳያገኝ ከላይ በጎን አስወጡት፤ ከዚያ ወረድ እያላችሁ በየተወሰነ ርቀት ድገሙት። የባሕር ዛፉንም ቅጠልና ቅርፊት ጥረጉ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ውጡ። ብስክሌቱን ቤት ትታችሁ ጃንጥላ ይዛችሁ ላይኛው ጫፍ ላይ ቁሙና ውኃው መንገዱ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ። ሁለት ወይ ሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሲደርቅ ከዚያ ትጀምራላችሁ።