ፈንገሱ ናይትሮጅን አይሠራም፦ ስለ ማይኮራይዛና ጥራጥሬ ጥያቄና መልስ

የቡድናችን አባላት፣ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ልናገር፦ ማይኮራይዛ ከሥር ጋር ተስማምቶ የሚኖር ፈንገስ ነው። ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዘው ራይዞቢየም ደግሞ ባክቴሪያ ነው። አታምታቱብኝ።

ጥያቄ፦ ፈንገሱ ለአተር ናይትሮጅን ይሠራል?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? አይሠራም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለጥራጥሬ ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ካለበት ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ሲጨርስ ዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ባዶ ይቀራል። የፈንገሱ ክር ያንን ተሻግሮ ሴንቲሜትሮች ይርቃል። ቀጭን ስለሆነ ሥር የማይገባበት ቀዳዳ ይገባል። ፎስፈረስ ያመጣል፤ ዚንክና መዳብም አይቀርም። ተክሉ በምላሹ ስኳርና ቅባት ይከፍለዋል።

ጥራጥሬ ደግሞ ፎስፈረስ በጣም ይፈልጋል። ባክቴሪያው አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመቀየር ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ሕዋስ ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል) ያቃጥላል። ኤቲፒ ያለ ፎስፈረስ የለም። ፈንገሱ እንግዲህ ለሠራተኛው ስንቅ አቀባይ ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ተክሉ ሁለቱን የሚያስገባበት በር በከፊል አንድ ነው። አንዳንድ ጂን የተበላሸበት አተር ባክቴሪያውንም ፈንገሱንም አያስገባም። ፈንገሱ ከተክል ጋር ከተወዳጀ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ባክቴሪያው ኋላ መጥቶ በተከፈተ በር ገባ።

ጥያቄ፦ ሰብሌ ቢጫ ሆነብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ ሰብል? የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው? አፈሩ ተመርምሯል? በደፈናው አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የፎስፌት ማዳበሪያ በብዛት እጨምራለሁ። ፈንገስ ብደርብበትስ?

መልስ፦ የጠገበ ተክል ፈንገሱን አይፈልገውም፤ በሩን ይዘጋል። አፈር አስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ግብጦ ላይ ሞክሬ ምንም ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ አታይም። ግብጦ ጥራጥሬ ቢሆንም ይህን ፈንገስ አይቀበልም፤ እንደ ጎመን ማለት ነው። ነጩ ግብጦ ከሥሩ አሲድ እየለቀቀ ፎስፈረሱን ራሱ ያላቅቃል።

አንድ አባል፦ ስለዚህ ማረስ ይቅር! ክሩን ይበጣጥሰዋል።

ሌላ አባል፦ አረሙን አንተ መጥተህ ልትነቅልልኝ ነው?

የመጀመሪያው፦ አፈሩን በገለባ ሸፍነዋ።

ሌላው፦ ገለባውን ከብት በላው።

መልስ፦ ኧረ በቃችሁ! ማረስ ክሩን ይበጥሳል፣ እውነት ነው። መሬት ለረጅም ጊዜ ባዶ ማደርም ይጎዳዋል፤ ይህ ፈንገስ ሕይወት ያለው ሥር ካላገኘ አያድግም። አረሙን ሌላ ቀን ተጨቃጨቁበት።

ጥያቄ፦ ፈንገሱን ሥሩ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ትንንሽ እባጭ ነው አይደል?

መልስ፦ እሱ የባክቴሪያው ቤት ነው። ሰንጥቀው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ፈንገሱን ለማየት ሥሩን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ነው።

ጥያቄ፦ ፈንገሱ ናይትሮጅን ስለሚሠራልኝ ዩሪያ ልተው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ።